ከዶክተሯ በስተቀር ሁሉም የሚያውቀው ወር

እናቴ የሰው ዕድሜ ሳትቀንስ ተናግራ አታውቅም። ውሸታም ናት ማለቴ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ቁጭ ብላ የምታነብላት የልጅ ልጅ ስላለቻት ቃል መምረጥ ይኖርብኛል። እሷ ራሷ "መሸፈን" ነው የምትለው። የወንድሜ ልጅ አሥር ዓመት ሞልቶት ሱሪ ሁሉ ሲያጥርበት "ገና ስምንት ቢሆነው ነው" ትላለች። ቤታችን የመጣ እንግዳ "ማሻአላህ፣ ዶሮዎችሽ በዙ" ካላት "ግማሾቹ የጎረቤት ናቸው" ትላለች። የምትወደውን ነገር ሁሉ ከሰው ዓይን ለመከለል ከላዩ ትንሽ ትቆርጥለታለች። እኔም እዚያው ቤት ስላደግሁ ነገሩ እንደ ጨዋነት እንጂ እንደ ጥፋት ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴን ብትጠይቋት ሃያ ዘጠኝ ትላችኋለች። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልጄ ያደግሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ከአባቴ በተረከብኩት ሱቅ ጨርቅ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሸሚዜ ሳይተኮስ ከቤት አልወጣም ነበር። ሕፃን ልጅ ሲሰጡኝ ልብሴን እንዳያበላሽብኝ በሁለት እጄ አርቄ እይዘዋለሁ። "አብዱ ልጅ ሲይዝ ጣቃ ለደንበኛ የሚያሳይ ነው የሚመስለው" እያለች ባለቤቴ ሐያት ትስቅብኝ ነበር።

ሳቋ ግን ከተጋባን በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ወረደባት። ሁለተኛው የወረደ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔ ሱቅ እየሄድኩ የታጠፈ ጨርቅ ዘርግቼ መልሼ አጥፍ ነበር። ሦስተኛው ሲጸነስ እናቴ ጣቷን ቀስራ ሕግ አወጣች።

"ሁለቱን ቆጥረው ጨረሱብኝ። ይኼን ማንም አይቆጥርብኝም!"

ሐያት የእርግዝና ክትትል ስትጀምር ጤና ጣቢያ የወሰደቻት እናቴ ናት። ተራቸው ደርሶ ነርሷ ፊት ሲቀመጡ ከኋላቸው ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እትዬ ሩቂያ። እትዬ ሩቂያ የሰፈራችን ሰው ናት፤ አዲስ ዓለም ውስጥ ማን እንደታጨች፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ድመት የት ቤት እንደወለደች ከእሷ ነው የሚሰማው። ነርሷ ሐያትን "የወር አበባ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?" ስትላት፣ ሐያት አፏን ሳትከፍት እናቴ እትዬ ሩቂያ ጆሮ በሚገባ ድምፅ "መስከረም መጨረሻ ላይ!" አለች። ሐያት አማቷን አክብራ አንገቷን ደፋች። ነርሷም የሰማችውን ካርዱ ላይ ጻፈች።

በዚያው ዕለት እናቴ ታሪኩን እንደ ትልቅ ድል አወራችልን። "ከአንድ ወር በላይ ሸፈንኩላት! ሩቂያ ትቁጠር እስቲ አሁን!" እኔም ሳቅሁ። ስቄም አልቀረሁ፤ "እንግዲህ ቃላችን አንድ ይሁን፤ የጠየቀ ሁሉ የሚሰማው ካርዱ ላይ ያለውን ነው" ብዬ መመሪያ ሰጠሁ። ነጋዴ ነኝና አንዴ የጠራሁትን ዋጋ መለዋወጥ አልወድም።

በሚያዝያ መግቢያ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ሐያት ከአልጋዋ ስትነሳ "አብዱ" ብላ ጠራችኝ። ወለሉ ርሷል። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ደም የለውም። "ውሃው ነው። ጊዜው ሳይደርስ" አለች። ለባጃጅ ስሮጥ ሸሚዜ አለመተኮሱን እንኳ አላየሁም። እናቴ ሐያትን በነጠላዋ ከራስ እስከ እግር ሸፍና ባጃጁ ውስጥ አስገባቻት፤ ጎረቤት አይቶ ምጥ መሆኑን እንዳያውቅ መሆኑ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት፤ በኋላ እንደነገረችን የደብረ ታቦር ልጅ ናት። የሐያትን ሆድ ዳሰሰች፣ ካርዱን አየች፣ መልሳ ዳሰሰች።

"ካርዱ ሃያ ስድስት ሳምንት ነው የሚለው፤ ስድስት ወር እንደማለት ነው" አለች። "ሆዷ ግን ትንሽ ከፍ ያለብኝ መሰለኝ። በወሩ እርግጠኛ ናችሁ?"

ሐያት ወደ እናቴ አየች። እናቴ ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ አንዲት የማናውቃት አስታማሚ ቆማለች።

"ካርዱ ላይ ያለው ነው" አለች እናቴ።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

"ካርዱ ላይ ያለው ነው" አልኩ እኔም።

ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። "አልትራሳውንድ ቢታይ ይለይልን ነበር፤ ግን ዛሬ እሁድ ስለሆነ ክፍሉ ዝግ ነው። የሽርት ውሃው ፈሷል፣ ምጡም ጀምሯታል። ስድስት ወር ከሆነ እዚህ ባለን ነገር ልጁን ማትረፍ አንችልም። እሷን ግን በደንብ እንጠብቃታለን።"

"እሷን እንጠብቃታለን" ማለት ልጁን እርሱት ማለት መሆኑ የገባኝ ኮሪደር ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ተከትላኝ ወጣች።

"እማ፣ ብንነግራቸውስ?" አልኳት።

"ዝም በል! ዶክተር አይደለች? በእጇ ዳሰሰች እኮ። እሷ ያላወቀችውን እኛ ልናውቅ ነው? ደግሞ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ወሯን ልታወጣባት ነው?"

እሷ ተመልሳ ገባች፤ እኔ ዝም አልኩ። ሰዓት ተኩል ያህል ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ ሸጋ መልስ የለኝም። የመንግሥት ካርድ ላይ የዋሸን ሰዎች ምን እንባላለን ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የባሰ የፈራሁት ግን ሌላ ነው፤ ተናግሬ ልጁ ቢሞት እናቴ ዕድሜዬን ሙሉ "አንተ ነህ ያወጣህበት" የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ ሱቅ የማስተዳድር ሰው እናቴን ፈርቼ ልጄን ዝም ልልበት ነበር።

አጠገቤ አንድ ሰው ተቀምጠው ኖሯል። ሃምሳውን የተሻገሩ ባላገር ናቸው፤ ጺማቸው ሸበት ብሏል፣ ጋቢያቸው ደረታቸው ላይ ጉብ ብሎ ይንቀሳቀሳል። በሁዳዴ ጾም ዶሮ ደብቀው ሆስፒታል የገቡ መስሎኝ ገረመኝ።

"ምነው እንዲህ መሬት መሬት ታያለህ?" አሉኝ። "ማን ታሞብህ ነው?"

"ባለቤቴ ናት። ምጥ ያለጊዜው መጥቶባት ነው።"

"ኧረግ! የእኛይቱም እንደዚያው ናት። ሙጬ እባላለሁ፤ ከኮላ ድባ ነኝ።" ጋቢያቸውን ከላይ ገለጥ ሲያደርጉ የአንድ ሕፃን ራስ ብቅ አለ። ብርቱካን የሚያህል ራስ ነው፤ በትንሽ ኮፍያ ተሸፍኗል። ባዶ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። "ይኸውልህ፣ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። እናቱን ቀዶ ሕክምናው አድክሟት እኔ ነኝ የምሸከመው። መርፌዋን ወጉልህ?"

"የምን መርፌ?"

"የሳንባውን መርፌ ነዋ! የእኛይቱን ሁለት ቀን ወጓት፤ ይኸው ይኼ ጌታ ሲወለድ በጩኸት አገር አናጋ። ያለዚያ መተንፈስ አይችልም ነበር አሉን። ብቻ ወሩን አጥብቀው ነው የሚጠይቁ። ሰባት ካልገባ አይወጉም። ያንተይቱ ስንት ገባት?"

ተነስቼ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ።

በሩን ስከፍት ማንን ባይ ጥሩ ነው? እትዬ ሩቂያን። አጥሚት በፔርሙስ ይዛ የሐያት ራስጌ ቆማለች። ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አናውቅም፤ በነጠላ ተሸፍነን መውጣታችን ራሱ ሳይነግራት አልቀረም። እናቴ ሁኔታዬን አይታ ከሐያት ጀርባ ሆና ራሷን በኃይል ነቀነቀችብኝ፤ እንዳትናገር ማለቷ ነው። ዶክተሯ የሚቀጥለው አልጋ ጋ ቆማ ትጽፋለች።

"ዶክተር" አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። "ካርዱ ውሸት ነው።"

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነው ያለው፤ ስድስቱም ጆሮ ሆነ።

"ምን ማለት ነው?" አለች ዶክተሯ።

"ወሩ ተቀንሶ ነው የተጻፈው። ከአንድ ወር በላይ ተቀንሶበታል።"

"ማነው የቀነሰው?"

እናቴን አየሁ። እናቴ ጣሪያውን አየች። ዶክተሯ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ፊቷ ተቆጣ፣ ድምፅዋ ግን አልተቆጣም።

"ከአንድ ወር በላይ ማለት ስንት ነው? ሠላሳ ሳምንት ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ሠላሳ አምስት ከሆነ ሌላ ነው። ለልጁ ሳንባ የሚሆን የሆርሞን መርፌ አለን፤ በወቅቱ ከተሰጠ ነው የሚጠቅመው። በግምት አልወጋም። ቀኑን ንገሩኝ።"

ቀኑን እኔ አላውቅም። ሐያት ምጡ መጥቶባት የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች። ለቀቅ ሲያደርጋት ዶክተሯን ሳይሆን እናቴን አየች።

"እማ" አለቻት፤ "በአላህ ይሁንብሽ። ተናገሪ።"

ሐያት እናቴን አንድም ቀን ምንም ነገር ለምናት አታውቅም ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ እትዬ ሩቂያን አየች፣ አንድ ጊዜ ሐያትን አየች። እናቴ ስታለቅስ ያየኋት አባቴ የሞተ ዕለት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ረመዳን የመጨረሻዎቹን ስድስት ቀን አልፆመችም" አለች።

ዶክተሯ አልገባትም። "እማማ፣ ስለ ጾም አይደለም የጠየቅሁዎት።"

"ስለ እሱ ነው እንጂ የኔ ልጅ! ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ አትፆምም። ይቺ ደግሞ ዓይነ አፋር ናት፤ ወንዶቹ ስትበላ እንዳያዩዋት ታፍራለች። ጓዳ በሩን ዘግቼ ምሳዋን የማቀርብላት እኔ ነኝ። ስድስት ቀን አቀረብኩላት፣ በሰባተኛው ቀን ዒድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አላየችም።"

"ስድስት ቀን ቀዷ አለብኝ" አለች ሐያት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "በኋላ የምተካው ጾም ነው። ስድስት ቀን ነው፣ በደንብ ይዤዋለሁ።"

እኔ በዚያ ስድስት ቀን እዚያው ቤት ነበርኩ። አማትና ምራት በሩን ዘግተው ጓዳ ሲቀመጡ ሐሜት የያዙ መስሎኝ ስቄባቸዋለሁ። አሁን ግን የእናቴን ደግነትም ውሸትም በአንድ ቦታ አየሁት፤ ሁለቱም መሸፈን ነበር።

"ታዲያ ዒዱ መቼ ነበር?" አለች ዶክተሯ።

አያችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያከበርኩት በዓል ነው፤ ግን ደንግጬ ቀኑ ከጭንቅላቴ ጠፋ። እናቴ በእስልምናው አቆጣጠር "ሸዋል አንድ" አለች፤ እሱ ለዶክተሯ ምንም አልጠቀማትም። ሐያትን ምጡ መልሶ ያዛት። በዚህ መካከል ከበሩ ወዲያ የከረረ ድምፅ ተሰማ።

"የእንቁጣጣሽ ዋዜማ!"

አያ ሙጬ ናቸው። ወንድ እዚያ ክፍል እንዲህ በቀላሉ አይገባም፤ እሳቸውን ግን ማንም አያስወጣቸውም፣ ደረታቸው ላይ ያለው ልጅ የማለፊያ ወረቀታቸው ነው።

"ጳጉሜ አምስት ነዋ!" አሉ። "እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቀን ገበያ በጌን ተሻምተው ጨረሱኝና ለራሴ ዓውደ ዓመት ዶሮ ነው ያረድኩ። እንዴት አርጌ እረሳዋለሁ!"

ዶክተሯ ከኪሷ አንዲት ክብ ካርቶን አወጣች፤ ዙሪያዋን ቀንና ሳምንት ተጽፎባታል። በጣቷ ወደኋላ ስድስት ቀን ቆጠረች። "ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ" አለች። ካርቶኗን አዞረች። ከዚያ ቀና አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "ሠላሳ አንድ ሳምንት። ሠላሳ አንድ ነው እኮ! ሆዷ ከፍ ብሎብኝ ነበር ብያለሁ።"

ነርሷ መርፌውን ልታመጣ ስትሮጥ እትዬ ሩቂያ ፔርሙሷን አስቀመጠች።

"እኔማ ሰባት ወር ማለፉን ከአረማመዷ አውቄዋለሁ" አለች እናቴን እያየች። "ሰፈሩም ያውቃል። ለመሆኑ ከማን ነበር የምትደብቂው?"

ወሩን ሰፈር ሁሉ ያውቀው ኖሯል፤ ማወቅ ከነበረባት ከአንዲቱ ዶክተር ብቻ ነበር የደበቅነው።

ዶክተሯ ነገሩን እየወጋች አስረዳችን። መርፌው ሆርሞን ነው፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ዓይነት ነው። የምትወጋው እናቲቱ ብትሆንም በእትብቱ በኩል ልጁ ጋ ይደርስና ያልደረሰ ሳንባውን ቶሎ ያደርሰዋል። ያለጊዜው የሚወለድ ልጅ ዋናው ጭንቁ ትንፋሽ ነው፤ ሳንባው እየተጣበቀ አልከፈት ይለዋል።

"ሐራም ነገር የለበትም?" አለች እናቴ።

"የለበትም፣ እማማ።"

"እንግዲያው አብዝተሽ ውጊያት።"

"አይበዛም። አራት ነው፤ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ አንድ። ሁለት ቀን ብናገኝ በጣም ጥሩ ነው። ምጡን የሚያዘገይ ኪኒንም እሰጣታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው በእጃችን አይደለም።"

የመጀመሪያው መርፌ እሁድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተወጋ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለት ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኔ ቸኩሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛ ጣቃ ይዞ ሲያመነታ ሆዴ ይቃጠላል። አሁን ግን የምለምነው እንዲዘገይ ነው። ሐያት ፊቷን ባጨማደደች ቁጥር "ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" እያልኩ ሆዷን እለማመጠው ነበር። "ደንበኛህ መሰለህ እንዴ?" አለችኝ ሰኞ ረፋድ ላይ፤ ከእሁድ ወዲህ የቀለደችው የመጀመሪያ ቀልድ እሱ ነው። እናቴ መስገጃዋን ኮሪደር ላይ ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። እትዬ ሩቂያ ከጎኗ ናት፤ አልተነጋገሩም፣ አልተለያዩምም። ሦስተኛው ሰኞ ቀትር ላይ ተወጋ። አራተኛው በዚያው ሌሊት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምጡ ኪኒኑን አልሰማም አለ። ሐያትን ወደ ማዋለጃው ወሰዷት። ከመጀመሪያው መርፌ ሁለት ቀን ሊሞላ የሚቀረው ሰዓት ተኩል ነበር። ያ ሰዓት ተኩል የት እንደጠፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ መሬት መሬት እያየሁ የበላሁት እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ። መጀመሪያ የሐያት ድምፅ መጣ። ከዚያ ምንም። የነርሶች ጫማ ኮቴ። ከዚያም ምንም። አያ ሙጬን ክንዳቸውን ስይዛቸው "ቆይ፣ ልጆቹ ከመጮኻቸው በፊት ትንሽ ይሞቃሉ እኮ" አሉኝ። ከዚያ መጣ። ጩኸት ነው ብዬ አላጋንንም፤ የድመት ግልገል ቅሬታ ያህል ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ሱጁድ ወረደች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሴት ልጅ ናት። አንድ ኪሎ ተኩል ለመሙላት ጥቂት ይቀራታል። የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሙ ሁለት ቀን ኦክስጅን ሰጥቶ ካያት በኋላ "ሳንባዋ ከጠበቅነው በላይ ደህና ነው" አለን። ሐያትን ግን ትኩሳት ያዛት፤ ከአልጋ መነሳት አልቻለችም። ነርሷ ወደ እኔ መጣች።

"አባት፣ ሸሚዝህን አውልቅ።"

"ምን?"

"ገላ ለገላ ነው የምትሞቀው። እናቷ እስክትሻላት አንተ ትይዛታለህ።"

ዙሪያዬን አየሁ። ክፍሉ ውስጥ እናቶች አሉ፣ እትዬ ሩቂያም አለች። እትዬ ሩቂያ ያየችውን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሁሉ ይሰማዋል። አያ ሙጬ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"አውልቅ እንጂ! ጨርቅ ነጋዴ ሆነህ ጨርቅ ማውለቅ አቃተህ?"

አወለቅሁ። ልጅቷን ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ። እግሯ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ ትንፋሿ ቆዳዬ ላይ ይመጣል ይሄዳል። አርቄ ልይዛት ብል እንኳ አይቻልም። አያ ሙጬ በእናቴ ነጠላ እንዴት አጥብቄ እንደማስራት አሳዩኝ። "ላላ አታርጋት፤ ሸጋ አርገህ ጭመቃት" ይላሉ። ሃያ ዓመት ጨርቅ ቆርጬ ሸጫለሁ፤ ለምን እንደሚሸመን የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። በጆሮዋ አዛን ሳሰማት ድምፄን ከፍ ባደርግ የምትሰበር መስሎኝ በሹክሹክታ ጨረስኩት። ስሟን ሳቢራ አልናት፤ ሁለት ቀን ታግሳልናለችና።

ሐያት እስክትጠነክር ድረስ ስድስት ቀን ተሸከምኳት፤ ከዚያ በኋላ ተራ ገባን። በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ስንወጣ የእኔ ነገር ሰፈር ሁሉ ደርሶ ነበር። "ልጅ አዛይ" የሚል ስም ወጣልኝ። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ እኔም እንዲለቀኝ አልፈልግም።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ዓይን የለም ልላችሁ አይደለም የተነሳሁት። እናቴ ትሰማለች። ከጎረቤት መሸፈን ከፈለጋችሁ ሸፍኑ፤ እንደኛ ከሆነ ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው ግን የነፍሰ ጡሯን ወር አትቁረጡ። እኛ የቆረጥነው አንድ ወር ከአምስት ቀን፣ ልጄን ከሚወጉት መዝገብ አውጥቶ ከሚተዉት መዝገብ ከቷት ነበር። ዛሬ ሱቄ መጥቶ የአራስ ብርድ ልብስ የሚገዛ ባል ካለ ሳልጠየቅ እጠይቀዋለሁ፤ "ካርዱ ላይ ያለው እውነተኛው ነው?" አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ዓይኑን ይሰብራል፤ እሱን ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ።

ያለፈው ክረምት ሳቢራን አንደኛ ክፍል ልናስመዘግብ ሄድን። እናቴም ካልመጣሁ አለች። ልጅቷ በዚያ ሳንባዋ ከግቢው በር ሆና "አባዬ!" ስትል መንገደኛው ሁሉ ይዞራል፤ አንድ ቀን ዶክተሯን ገበያ አግኝቻት መርፌው ሳይበዛባት አልቀረም ብዬ አማርሬያታለሁ። ተራው ደረሰንና መዝጋቢው ብዕሩን አነሳ።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

እናቴ እንደ ልማዷ ወደኋላ ዞር አለች። እትዬ ሩቂያ የልጅ ልጇን ይዛ ከኋላችን ተሰልፋለች። እናቴ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ከዚያ ወደ መዝጋቢው ዞራ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

"ሰባት ዓመት ከአራት ወር። ስትወለድ ሠላሳ አንድ ሳምንቷ ነበር።"

"የኋለኛው አያስፈልግም፣ እማማ" አለ መዝጋቢው።

"ጻፈው!" አለች እናቴ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች። "ዋናው እሱ ነው።"